ድንጋይ ተራ የማይዝበት አግዳሚ

ውድ አባባ፣

ዛሬ ጠዋት ሦስት የጤና ቦርዱ አባላት መጥተው፣ በመጠበቂያ ክፍላችን አግዳሚ ላይ ከሕመምተኞች መካከል እስከ ምሳ ሰዓት ተቀምጠው ሄዱ። ውሳኔያቸውን ሰኞ እንሰማለን።

ወሬው ይቆየንና ሰላምታው ይቅደም። እንዴት ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? ዕድሜውን ሙሉ ከወንበር ጀርባ ቆሞ የኖረ ጉልበት ትንሽ ቢያጉረመርም አይፈረድበትም፤ ማታ ማታ ከፍ አድርገው ያስቀምጡት ብዬዎት ነበር፤ ያደርጋሉ ወይስ እኔ ስርቅ ምክሬም አብሮኝ ራቀ? ምላጭ የሚይዘው እጅዎ እንደ ወትሮው የጸና ነው? እማዬስ ወገቧ ተሻላት? ወንድሜ ሁለተኛውን ወንበር ለመደው ወይስ አሁንም ደንበኛ ሲያጣ ከመስታወቱ ጋር ሲያወራ ይውላል? እኔ ደህና ነኝ። ይህን የምለው ራሴን መርምሬ ሳይሆን በልቼ ስለማድርና ተኝቼ ስለምነቃ ነው።

ባለፈው ደብዳቤዎ «ያ ጀመርኩት ያልሽው ነገር ከምን ደረሰ?» ብለው ጠይቀውኛል። ከግርጌው ደግሞ በእህቴ እጅ፣ በእማዬ አፍ «መቼ ነው የምትመጪው?» የሚል ተጨምሮበታል። ሁለቱ ጥያቄዎች ሳታውቁት አንድ ሆነዋል፤ ለምን እንደሆነ ከዚህ በታች ያዩታል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከመጀመሪያው ልጀምር።

እዚህ ስመጣ ከሁሉ በፊት ያስደነቀኝ ድንጋይ ነው። ጎህ ሲቀድ ወደ ጤና ጣቢያው ስገባ በአግዳሚው ላይ ሰው የለም፤ ከዳር እስከ ዳር ግን ሞልቷል። ድንጋይ፣ ያለቀለት ነጠላ ጫማ፣ የማንቆርቆሪያ ክዳን፣ አንዳንዴም በመሐረብ የታሰረ ጡብ። እያንዳንዱ ዕቃ የአንድ ሰው ተራ ነው። ባለቤቶቹ ዕቃቸውን አስቀምጠው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ፤ በሩ ሲከፈት መጥተው ድንጋያቸውን ያነሡና በቦታው ይቀመጣሉ። ደግሞ የድንጋይ ነገር ሆኖ ጠብ አይጠፋም። «የኔ ድንጋይ ሾጣጣዋ ናት፤ ይህቺን ክቧን ማን አመጣት?» ብለው ሲነታረኩ ደማቸው ከፍ ብሎ ይገቡልኛል፤ ስለካው በበሽታው ይሁን በድንጋዩ አላውቅም።

ተራው የደረሰ ሰው ደግሞ የሚገባው ባዶ ወደሆነው ክፍል ነው። ዛሬ እኔ፣ የዛሬ ሳምንት ቀጭኑ ባልደረባዬ፣ ከዚያ በኋላ ሦስተኛዋ ሐኪማችን። ሰዉ እንደ ውሃ ላይ ኩበት ከክፍል ክፍል ይንሳፈፋል። በየጊዜው ታሪኩን ከእንደገና ይጀምራል፤ እኛም በየጊዜው እንደ አዲስ እንሰማለን። ሦስታችንም ክፉ ሰዎች አይደለንም፤ ነገር ግን መጽሐፍን በየቀኑ አንድ ገጽ ብቻ ገልጦ ለሚቀጥለው ሰው የሚያቀብል ታሪኩን ከየት ያውቀዋል?

አንድ ቀን ይህን እያብሰለሰልኩ ሳለ የእርስዎ ጸጉር ቤት ትዝ አለኝ። ከትምህርት ቤት መልስ ያ ከመስኮቱ ሥር ያለው በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ የማየው ነገር ነበር። ሁለት ወንበር አለ፤ የአንዱ ባለቤት እርስዎ፣ የሌላው ባልደረባዎ ጋሽ ፈጣኑ፣ ነፍሳቸውን ይማር። እርስዎ አንድ ጉንጭ ላጭተው ሳይጨርሱ እሳቸው ሁለት ራስ ይጨርሳሉ። ሆኖም የእሳቸው ወንበር ባዶ ሆኖ የእርስዎ ደንበኞች ግድግዳውን ተደግፈው ይጠብቃሉ። ጋሽ ፈጣኑ ፎጣቸውን እያራገፉ «ና ቁጭ በል እንጂ፤ ጭንቅላት ጭንቅላት ነው!» ሲሏቸው፣ ያ ወፍራሙ ጋራዥ ሠራተኛ ምን እንደሚል ያስታውሳሉ? «የኔን ጭንቅላት እሱ ነው የሚያውቀው።» እውነቱን ነበር። ከጆሮው በስተኋላ ያለችውን ኪንታሮት ምላጭዎ ሳይነካ የሚያልፈው እርስዎ ስለሚያውቋት ነው። አንድ ቀንም «ይህቺ ነገር አድጋለች፤ ሐኪም ጋ ሂድ» ብለው የላኩት እርስዎ ነዎት። አምናና ዘንድሮን የሚያስተያይ ዓይን ስለነበረዎት ነው።

ታዲያ ለዳይሬክተራችን ሄጄ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ ሐኪምና የራሱ ነርስ ይኑረው፣ ሰዉም ድንጋይ ሳይሆን ሰዓት ይያዝ አልኳት። ከየት ያመጣሽው ሐሳብ ነው ስትለኝ አልደበቅኋትም፤ ከአባቴ ጸጉር ቤት ነው አልኳት። ሳቀችብኝ። «ጸጉር እኮ ቢበላሽ ያድጋል፤ ሰው ግን አይበቅልም» አለችኝ። ለዚህማ ነው ለሰው ይበልጥ የሚያስፈልገው ስላት፣ አንድ ሰው ሳይጨመር፣ አንድ ዕቃ ሳይገዛ፣ ለስድስት ወር እንድንሞክረው ፈቀደች። ሰፈሩን ለሦስት ከፈልነው። ማንበብ የማይችልም እንዳይቸገር በሮቻችንን ቀለም ቀባናቸው፤ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ። እኔ ባለ ቢጫ በሯ ነኝ። ገበያ ስወጣ ሕፃናት «ቢጫዋ መጣች!» ይሉኛል፤ እማዬ ስትሰማ የጉበት በሽታ የያዘኝ እንዳይመስላት።

ከእኔ ጋር የተመደበችው ነርስ ሲስተር ኮማንደር ትባላለች። ስሙን ያወጡላት ሕመምተኞች ናቸው፤ እሷም ሹመት አድርጋ ተቀብላዋለች። ለእያንዳንዱ ሰው የቀጠሮ ሰዓት እየነገረች፣ ጣቷን እያወዛወዘች፣ «በሰዓቱ! ቀድሞ መምጣት የለ፣ ዘግይቶ መምጣት የለ!» ብላ ሰደደች። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ስመጣ ምን ባይ ጥሩ ነው? አግዳሚው በድንጋይ ሞልቷል። ቀጠሮው ከሰዓት በኋላ የሆነ ሰው ሁሉ ቀጠሮውን የሚጠብቅለት ድንጋይ ሊያኖር ከሌሊት እንቅልፉ ተነሥቶ መጥቷል! አንዳንዱም ሁለት አስቀምጧል፤ አንዱ ለተራ፣ አንዱ ለቀጠሮ። በቀጠሮ ድካም እንቀንሳለን ብለን ድንጋይ አበዛን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኸው ነው።

ኮማንደር ተቆጥታ ዘበኛውን ድንጋዮቹን ጠራርጎ ከዛፉ ሥር እንዲደፋቸው አዘዘችው። ጉድ ፈላ! ግማሹ ሰው ሐኪም መጠየቁን ትቶ ከዛፉ ሥር ድንጋዩን ፍለጋ ወረደ። ከሁሉ የበረቱት ጋሽ ጠጋ ጠጋ ነበሩ። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን «ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲሉ ስለኖሩ ስማቸው ሆኖ ቀርቷል። የስኳር ሕመም አለባቸው። «እኔ ስንት ዓመት በሥራ ላይ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ያልተጠበቀ ወንበር ይያዛል። ያልተጠበቀ ቀጠሮም ይሰረቃል» ብለው ተሟገቱን። በልምዳቸው የመጣ ስለሆነ ስብከት አይመልሰውም፤ የገባነውን ቃል ጠብቀን በዓይናቸው ማሳየት ብቻ ነበር የሚያዋጣን።

ራሳቸው ፈተኑን። ከሳምንት በኋላ ቀጠሯቸው ሲደርስ ድንጋይ ሳያኖሩ፣ ቀድመውም ሳይመጡ፣ ልክ በሰዓታቸው ደረሱ። ሰፈሩ አውቆ ኖሮ ያልታመመውም ሊያይ መጥቷል። አግዳሚው በቀደሙ ሰዎች ሞልቶ ነበር። ኮማንደር ብቅ ብላ «ጋሼ፣ ሰዓትዎ ነው፤ ይግቡ» አለቻቸው። ጋሽ ጠጋ ጠጋ ግራ ቀኝ አዩ፤ የተቃወመ የለም። ምርመራቸውን ጨርሰው ሲወጡ እጃቸውን ከፍ አድርገው እንደ አሸናፊ ቦክሰኛ ወጡ። ከበሩ ላይ ቆመውም «ያዝ! ቀጠሮ አይሰረቅም!» ብለው ለሕዝቡ አወጁ። ከዚያ ወዲህ ድንጋዩ በየቀኑ እየሳሳ ሄደ። ዛሬ ያ የተጠራቀመው ድንጋይ የዛፉ ሥር መደብ ሆኗል፤ ልጆች ይቀመጡበታል።

አባባ፣ ይህ ሁሉ ግን ወረፋን ማሳመር ብቻ ቢሆን ኖሮ የሰኞው ውሳኔ እንዲህ ባላሳሰበኝ። አንድ ነገር ልንገርዎ።

የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋ አንዲት ሴት አለች። ራሷን ያማታል፤ ስፌት ስታይ ክሩ ሁለት ሁለት ይሆንባታል። ደም ግፊት ነው። ከሙከራው በፊት ሦስታችንም በየተራ አይተናታል፤ ሦስታችንም መድኃኒት ሰጥተናታል፤ ግፊቷ ግን ንቅንቅ አላለም። ባሏ አናጢ ነው። እሱ ደግሞ ራሱን ያዞረዋል። ጣራ ላይ የሚውል ሰው ራሱን ሲያዞረው ቀልድ አይደለም፤ አንዴ ከመሰላል ወድቆ ትከሻው ወልቆ ነበር። ቀጭኑ ባልደረባዬ አይቶት ቫይታሚን ሰጥቶታል፤ ሦስተኛዋ ሐኪማችን ውሃ ጠጣ ብላዋለች። ማናችንም ባልና ሚስት መሆናቸውን አላወቅንም። በአንድ በር ገብተው አያውቁማ።

ሰፈሩ ሲከፈል ሁለቱም የቢጫው በር ሆኑ። ሴትዮዋን ደጋግሜ ሳያት መቀላለድ ጀመርን፤ የቀሚሴ ጫፍ ተፈትቶ አይታ ቆማ ሰፋችልኝ። አንድ ቀን የቀረውን መድኃኒቷን ይዛ እንድትመጣ ብነግራት ባዶ እጇን መጣች። ወሩ ሳይጋመስ አልቋል። ማን ወሰደው ብላት ያፈረች አትመስልም። «ታዲያ ምን ላድርግ ዶክተርዬ፣ እሱም ራሱን ያመዋል፤ አንድ አንድ እንካፈላለን። አንድ ትራስ ላይ እየተኛን እኔ ብቻ ልዳን እንዴ?» አለችኝ።

እጄን በአፌ ላይ ጫንኩ። በማግስቱ ኮማንደር ባልየውን ከነመዶሻው አስመጣችው። ለካሁት። ግፊቱ የጤነኛ ሳይሆን ከጤነኛም በታች ወርዷል፤ መጀመሪያ ያመው የነበረው ከፀሐይና ከጥማት ያላለፈ ራስ ምታት ነው፤ ኋላ የመጣው ማዞር ግን የሚስቱ መድኃኒት ነው። ለእሷ ያነሰው ለእሱ ተርፎ ከመሰላል ያወርደዋል። እሱም አንገቱን ደፍቶ «እኔስ መች ወድጄ ዋጥኩት? አንተ ካልዋጥክ ብቻዬን አልውጥም ብላኝ ነው» አለ። እሷም ቀበል አድርጋ «ትዋሻለህ! ትናንት በውሃ ስሰጥህ አመስግነሃል!» አለችው። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፤ ኮማንደር እንኳ ወደ መስኮቱ ዞራ ትከሻዋ ሲነቃነቅ አይቻለሁ። አሁን ሴትዮዋ መድኃኒቷን ለብቻዋ ትውጣለች፤ ባልየው ደግሞ የማስታወስ ሥራ ተሰጥቶታል። ሚስማር እየመታም ቢሆን ከጣራ ላይ ጮኾ ያስታውሳታል አሉ። የእሷ ግፊት ወረደ፤ የእሱ ማዞር ጠፋ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እነዚህ ግን አልደበቁም። ጠያቂ ነበር ያጡት። ልቤ ቅቤ የጠጣበት ቀን ነው።

ሁሉ ነገር ማር ነው ብዬ አልዋሽዎትም። የቀጭኑ ባልደረባዬ በር ከእኔ ይልቅ ብዙ ሽማግሌዎች ደርሰውታል፤ በሳምንት አንድ ቀን ቤት ለቤት ሲዞር ውሎ ጫማው አልቋል። ትኩሳት ያለበት ሕፃን ሳይታሰብ ሲመጣ ሰዓታችን ይዛባል፤ አሁን ጠዋት ጠዋት ለእነሱ ክፍት ቦታ መተው ተምረናል። አንድ አጫሽ ሰውዬ ደግሞ ወደ አረንጓዴው በር ካላዛወርሽኝ ብሎ ይለማመጠኛል፤ የእኔ ምክር ሳሉን አብሶበታል። ጸጉር ቤትም ቢሆን ወንበር የሚቀይር አይጠፋም ብዬ ፈቅጄለት ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት ተመለሰ። «ያኛውም ያው ነው፤ እንደ ተማከራችሁ ታስታውቃላችሁ» አለኝ።

አሁን ወደ ዛሬው ልመለስ። የቦርዱ ሰዎች ሳይነገረን ነው የመጡት። ሰብሳቢው ባለ ባርኔጣ፣ ጠና ያሉ ሰው ናቸው፤ ሁለተኛዋ መነጽራም፣ ጠያቂ ሴት ናት፤ ሦስተኛው ወጣት ሲሆን ከቁጥር ሌላ የሚያወራው የለውም። ጋሽ ጠጋ ጠጋ ስንት ዓመት የለመዱትን ቃል አውጥተው «እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ለእንግዶች» ብለው አስቀመጧቸው። ሁለት ሰዓት ያህል ሰው በሰዓቱ ሲገባና ሲወጣ አዩ። ከዚያ ሰብሳቢው መድኃኒት ቤቱን ሊያዩ ተነሡ። ሲሄዱ ባርኔጣቸውን አውልቀው በተቀመጡበት ቦታ ላይ አኖሩት።

አንዲት እናት በሳቅ ፍርፍር ስትል አግዳሚው ሁሉ ተከተላት። ሰውዬው ግራ ተጋብተው ዞር አሉ። ጋሽ ጠጋ ጠጋ ባርኔጣውን በሁለት እጃቸው አንሥተው «ጌታዬ፣ ይልበሱት፤ ብርድ ይመታዎታል። እዚህ ቤት ዕቃ ተራ መያዝ ካቆመ ቆየ። ቦታዎን ማንም አይነካውም» አሏቸው። ሰብሳቢው ባርኔጣውን አዩ፣ አግዳሚውን አዩ፣ ሳቅ ቢጤ አፋቸው ዳር መጣና ተመለሰ። ባርኔጣቸውን አድርገው ሄዱ። ሲመለሱ ቦታቸው እንዳለ ነበር።

ከዚያ በኋላ ክፍሌ ገብተው ጠየቁኝ። ወጣቱ በቀን የምናየው ሰው ቁጥር ከድሮው አንሷል አለኝ። እውነት ነው፤ አልካድኩም። በአንድ ሕመም ሦስት ጊዜ ይመላለስ የነበረው ሰው አሁን አንዴ ስለሚመጣ ነው፤ ደህና መሆኑን ለማወቅም ኮማንደር ስልክ ትደውልለታለች እንጂ መንገድ አናስመታውም አልኩት። ጻፈ። ምን እንደጻፈ አላየሁም። መነጽራሟ ደግሞ የልቤን ጠየቀችኝ። ሰዉ ከአንቺ ጋር ከተላመደ በኋላ ብትታመሚ ወይም ብትሄጂስ አለችኝ። የጎረቤቴ በር ይሸፍናል፣ ነርሷም ቤተሰቦቹን ታውቃለች፤ ግን የተላመደ ሰው ሲለያይ አይጎዳም ብዬ አልዋሽም አልኳት። እሷም ጻፈች። ሰብሳቢው ምንም አልጠየቁኝም። ሲወጡ ብቻ የቢጫውን በር ቀለም በጣታቸው ነካ አድርገው አዩት።

አሁን የእማዬን ጥያቄ ልመልስ። ሙከራው ከጸደቀ በሩ የእኔ ሆኖ ይቀጥላል፤ እዚሁ እቆያለሁ፤ እረፍት ሳገኝ እየመጣሁ አያችኋለሁ። ካልጸደቀ ሁሉም ወደ ድሮው ይመለሳል፤ እኔ ደግሞ ወደ ትልቁ ሆስፒታል እዛወራለሁ። ያ ሆስፒታል ከእናንተ ቤት የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ ከዚህ ወደ እናንተ ግን ሁለት ቀን ሙሉ ይፈጃል። ስለዚህ እማዬ ለየትኛው እንደምትጸልይ ሳትነግሩኝ አውቃለሁ። አልቆጣትም፤ ግን ጸሎቷ እንደ ሲስተር ኮማንደር ብርቱ ስለሆነ እስከ ሰኞ ድረስ ዝግ እንድትልልኝ ይለምኑልኝ። እኔ ለራሴም እናንተን የምናፍቀው አንሶ አይደለም። ነገር ግን ያቺ ሴትዮ ከእኔ በኋላ በሚመጣው ሐኪም ፊት ታሪኳን ከእንደገና ስትጀምር፣ ስለ ትራሱ ለመንገር ስንት ወር ይፈጅባታል እያልኩ አስባለሁ።

አንድ አደራ አለኝ። እርስዎም ለጉልበትዎ በየጊዜው ሌላ ሌላ ሐኪም ጋ መሄዱን ይተዉና አንዱን ይያዙ። የሚቀባው ቅባት ሦስት ዓይነት መሆኑን ጽፈውልኛል፤ ሦስቱም ሽታቸው እንጂ ሥራቸው አይለያይም። የሰውን ጭንቅላት በደንብ የሚያውቅ ሰው የራሱን ጉልበት የሚያውቅለት አንድ ሰው አያጣም።

እማዬን ሁለቱን ጉንጮቿን፣ ከዚያ ግንባሯን ሳሙልኝ፤ ከወገቧ ጎንበስ ብላ ሳይሆን በርከክ ብላ ዕቃ እንድታነሣ ንገሯት። ወንድሜን ሰላም በሉልኝ፤ ከመስታወቱ ሌላ ደንበኛ ይስጠው። ሚስቱን ስለላከችልኝ ሹራብ አመስግኑልኝ፤ ቢጫ መሆኑ እዚህ ብዙ አስቋል። ትንሿን ልጃቸውን ድንቡሼን ጥርሷ ስንት እንደደረሰ ጠይቁልኝ፤ የመጀመሪያውን ሳላይ እንዳይወልቅ። እህቴን ጽሕፈቷ አምሯል በሉልኝ፤ የእማዬን ቃል ስትጽፍ ግን የራሷን እንዳትቀላቅልበት። የጎረቤታችንን እናት፣ በደብዳቤዬ መድረስ ከእናንተ ቀድመው የሚደሰቱትን፣ እጃቸውን ሳሙልኝ።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ ልብስ ሰፊዋ በመስኮቱ ብቅ ብላ ነበር። ወሬው ደርሷታል። «ማክሰኞ አለሽ አይደል?» አለችኝ። ቀጠሮሽ ማክሰኞ ነው፣ አራት ሰዓት ላይ አልኳት። መልስ እንዳልሆነ ሁለታችንም አወቅን። «እንግዲያው አራት ሰዓት ላይ ነኝ፤ ድንጋይም አላኖርም» ብላ ሄደች።

ውሳኔው ሰኞ ጠዋት ይነገራል።

ልጅዎ

ከጤና ጣቢያው፣ ከቢጫው በር
ሐሙስ፣ ግንቦት 14 ቀን